የባሕር ዳርቻ ለውጥና ደለል፦ ከደምበጫ እስከ ናይል ደልታ

የባሕር ዳርቻ ለውጥ ጥናት የየብስና የውኃ ወሰን ለምን እንደሚሰፋ ወይም እንደሚሸረሸር የሚመረምር ሳይንስ ነው። ወንዝ የሚያመጣው ደለል ማዕበል ከሚወስደው ሲበልጥ የብሱ ይሰፋል፤ ሲያንስ ይሸረሸራል። ስለዚህ ጥናቱ ከባሕሩ ሳይሆን ከእርሻው መጀመር አለበት። በጎጃም ከምትገኘው ከደምበጫ ከተማ በስተሰሜን ያለው፣ 113 ሄክታር ግድም የሚሰፋው የአንጀኒ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የዝናብ፣ የጎርፍና የደለል መጠን የተለካበት የምርምር ጣቢያ ነው። ታርሶ ሰብል ገና ያልሸፈነውን መሬት የክረምት መግቢያ ዝናብ ሲመታው ጎርፉ ክፉኛ ይደፈርሳል፤ ውኃውም ዞሮ ዞሮ የናይል ገባር ወደሆነው ዓባይ ይገባል።

የናይል ደልታን ከገነባው ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ደለሉን ሲያስቀር፣ በደልታው ጫፍ ያለው የሮዜታ ዳርቻ በፍጥነት አፈገፈገ። ጥፋቱ የማዕበል ነው የሚሉ፣ መሸርሸሩ ከግድቡ በፊት መጀመሩን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ማዕበሉ ድሮም ነበረ፤ ቀድሞም ውኃውን ወደ መስኖ ቦይ የመለሱ ግንባታዎች ነበሩ። የጎደለው ተተኪው ደለል ነው። እንግዲያስ በጎጃም እርከን መሥራት ደልታውን ይጎዳ ይሆን? አይጎዳም፤ ዛሬ ከደምበጫ የሚታጠበው አፈር በአመዛኙ በሕዳሴው ግድብና ከዚያ በታች ባሉት ግድቦች ይቀራል እንጂ ሜዲትራኒያን አይደርስም። አፈርን በማሳው ማስቀረት ገበሬውንም ግድቡንም ይጠቅማል፤ የደልታው ዳርቻ ግን የራሱን መከላከያ ይሻል።