ስክሪኑ ሲጠቁር

ባለፈው እሑድ የአክስታችንን ኮምፒውተር ልናስተካክል ተሰብስበን ነበር። አክስታችን ያሉት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ እኛ ያለነው ፒያሳ። (ድሮ ዕቃ ከአሜሪካ ይላክልን ነበር፤ አሁን ባለሙያው ከዚህ ይላካል፣ ያውም በነፃ።) ጉዳዩ ቀላል ነው፤ አዲሱ ፕሪንተር አላትምም ብሏል። ማውሳቸውን ከዚህ ሆነን እያንቀሳቀስን የፕሪንተሩን ሶፍትዌር ልንጭን ስንል፣ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠቆረብን። መስመሩ ግን አልተቋረጠም። አክስታችን በስልክ፣ «አንድ ነገር እየጠየቀኝ ነው፤ አዎ ልበል ወይስ አይ?» አሉ።

«አዎ ይበሉ እንጂ!» ልንል ነበር። ዋጥ አደረግነው። እሳቸው ከዚህ በፊት አንዴ «አዎ» ብለው ያዩት ፍዳ አለ፤ እንመጣበታለን።

እስቲ መጀመሪያ ይህ ጥቁር ስክሪን ከየት እንደመጣ እንይ። ነገሩ የሚጀምረው አንድ ኮምፒውተር የብዙ ሰው የጋራ ንብረት ከነበረበት ዘመን ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1969 በጀመሩት ዩኒክስ ውስጥ ተጠቃሚው ሁሉ የየራሱ ክፍል ሲኖረው፣ የቤቱ ቁልፍ በሙሉ የተሰጠው ለአንድ ብቻ ነው፤ «ሩት» ይሉታል። ሩት የማንንም ፋይል ይከፍታል፣ ይሰርዛል፤ ከልካይ የለውም። ታዲያ ሰው የገዛ ፓስወርዱን ለመቀየር እንኳ የሩት ቁልፍ ሊያስፈልገው ሆነ። ሪቺ መላ ዘየደ፤ ሥልጣኑ ለሰውየው መሰጠቱ ቀርቶ ፓስወርድ ለሚቀይረው ፕሮግራም ብቻ፣ ለዚያች ሥራ ብቻ እንዲሰጥ። ፓተንቱ በ1973 ተጠይቆ በ1979 ተፈቀደ።

በ1980 ገደማ ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ቦብ ኮጌሻልና ክሊፍ ስፔንሰር «ሱዱ» የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ሠሩ። ሱዱ ሥልጣኑን በትእዛዝ ልክ ታውሳለች፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳዘዘ ትመዘግባለች። እኛን የምታስቀን ግን ምክሯ ነው፤ መጀመሪያ የነካት ሰው የሌላውን ገመና እንዲያከብርና ከመጻፉ በፊት እንዲያስብ እንደ ንስሐ አባት ትገሥጸዋለች።

ወደየቤቱ የገባው ዊንዶውስ ኤክስፒ (2001) ግን ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የረሳው ይመስል ነበር። ሲጫን የሚፈጥራቸው አካውንቶች ሁሉ አድሚኒስትሬተር ናቸው። በዚሁ ላይ ከሩቅ ገብቶ የሚረዳበትን መሣሪያ አብሮ ይዞ መጣ። እንግዲህ ማውሱን ለረዳትህ ስትሰጠው ቤቱን ከነጓዳው ሰጠኸው ማለት ነው።

ቪስታ ሲመጣ (ለገበያ የቀረበው በጥር 2007 ነው) ነገሩ ተገለበጠ። ከባድ ሥራ ሲታዘዝ ኮምፒውተሩ ቆም ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚወጣውም ሌሎች ፕሮግራሞች በማይደርሱበት ለብቻው በተከለለ ስክሪን ላይ ነው፤ አለዚያማ ተንኮለኛ ፕሮግራም ራሱ ጠይቆ ራሱ «አዎ» ይላል። ከሩቅ የሚያየው ረዳትም በዚሁ ሕግ ከውጭ ቀረ። ስክሪኑ የሚጠቁርበት ምክንያት ይኸው ነው።

የቢሮ ባለሙያዎች ግን ተማረሩ፤ እውነትም አላቸው። ረዳቱ ጥያቄውን አያየውም፤ ወንበሩ ላይ ያለችው ጸሐፊ ታየዋለች፣ ግን የአድሚኒስትሬተር ፓስወርድ የላትም። ሁለቱ በስልክ ሲፋጠጡ ቀኑ ይመሻል። ማይክሮሶፍት በ2008 በቪስታ የመጀመሪያ ማሻሻያ፣ መሥሪያ ቤቱ ከፈቀደ ጥያቄው ለረዳቱም እንዲታይ የሚያደርግ ምርጫ ጨመረ። በእኛ አስተያየት ለመሥሪያ ቤት ይህ ተገቢ ነው፤ ለአክስት ቤት ግን አይሆንም።

ለምን ቢባል፣ በጥቅምት 2012 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በስድስት አጭበርባሪ ቡድኖች ላይ ክስ መመሥረቱን አስታወቀ። እየደወሉ «ኮምፒውተርዎ ቫይረስ ይዞታል» ይላሉ፣ ከሩቅ ይገባሉ፣ ላልነበረ በሽታ ከ49 እስከ 450 ዶላር ያስከፍላሉ። ሰብረው አልገቡም፤ ባለቤቱ ራሱ ከፈተላቸው። አክስታችንም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ የተደወለላቸው ናቸው። ገንዘቡን ባንኩ መለሰላቸው፤ ፎቶዎቹ ግን ጠፍተው ቀሩ። የእናታቸው ተዝካር ፎቶ ከነዚያ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ፣ «እትዬ፣ የተጻፈውን ያንብቡልን» አልናቸው። የፕሮግራሙን ስም፣ ከሥሩም የአምራቹን ስም ፊደል በፊደል አነበቡ፤ እኛ ከካርቶኑ ላይ ካለው ጋር እንዲያስተያዩት ነገርናቸው። መነጽር ፍለጋ ተሄደ። ገጠመ። «አዎ» አሉ፣ ስክሪኑም በራልን።

ፕሪንተሩ የመጀመሪያውን ገጽ እንደተፋ፣ «ጨረሳችሁ?» አሉን።

«ጨርሰናል።»

«በሉ እንግዲህ ውጡልኝ። ስትወጡ እያየሁ ነው።»

ወጣን።