ቀን ሥራ፣ ማታ ጥናት፦ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና አጭር ታሪክ

ከምሽቱ 12 ሰዓት ለብዙ ሰው የሥራ ቀን ማብቂያ ነው፤ ለማታ ተማሪ ግን የሁለተኛው ቀን መጀመሪያ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ፣ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ታክሲ የሚጋፋ ጎልማሳ ለከተማው ሰው እንግዳ አይደለም። ዛሬ ከእነዚህ ጎልማሶች አንዳንዶቹ የሚዘጋጁት «ጂማት» ለተባለው ፈተና ነው። ይህ ፈተና በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱ ሰዎችን የሚመዝኑበት ነው። ዕድሜው ከ70 ዓመት ጥቂት ያልፋል። ታሪኩን የተከታተለ ሰው የሚያየው አንድ ነገር አለ፤ ፈተናው በየጊዜው መልኩን እየለወጠ ወደ ሠራተኛው ሰው ቀርቧል፤ ሠራተኛው ግን ጊዜውን ዛሬም ራሱ ከራሱ ቀን ላይ መቁረስ አለበት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማታ የመማር ልማድ

ቀን እየሠሩ ማታ መማር ከዚህ ፈተና በብዙ ይቀድማል። በ1823 ሐኪሙ ጆርጅ በርክቤክና ተባባሪዎቹ የእጅ ሙያተኞች ሥራቸውን ሳይተዉ የሚማሩበትን ተቋም በለንደን መሠረቱ። ተቋሙ ኋላ የመሥራቹን ስም ይዞ የለንደን ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ የማታ ትምህርትም መለያው ሆኖ ኖረ። በ1858 ደግሞ የለንደን ዩኒቨርሲቲ በኮሌጆቹ ያልተማሩ ሰዎችም ፈተናውን ካለፉ ዲግሪ እንዲያገኙ ፈቀደ። ሴቶች በዚህ በር ለመግባት እስከ 1878 መጠበቅ ነበረባቸው። ያም ሆኖ የሐሳቡ ክብደት ቀላል አልነበረም። ፈታኙ «የት ተማርክ?» ብሎ መጠየቁን ትቶ «ምን ታውቃለህ?» ማለት ጀመረ። ቀኑን በሥራ ላይ ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ጥያቄ ተስፋ ነበር።

በኢትዮጵያም ልማዱ ሥር ሰድዷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ማስተማር ጀመረ። በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተ በኋላ የማታው ትምህርት «ኤክስቴንሽን» በሚለው ስሙ ታወቀ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊው፣ መምህሩና የባንክ ሠራተኛው ከሥራ በኋላ የሚሄዱበት ይህ ክፍል ስሙ እስከ ዛሬ ከአዲስ አበባ ሰው አፍ አልጠፋም።

የፈተናው ልደት

የጂማት መነሻ አሜሪካ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በ1944 በወጣው ሕግ መሠረት የትምህርት ወጪያቸው ስለተሸፈነላቸው ዩኒቨርሲቲዎቹ በአመልካች ተጨናነቁ። ከየአቅጣጫው የመጡ፣ በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች ያለፉ፣ ውጤታቸው በአንድ ሚዛን የማይለካ ሰዎችን ማወዳደር ከባድ ሆነ። በ1953 ኮሎምቢያን፣ ሃርቫርድንና ቺካጎን ጨምሮ የ9 ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ተወካዮች፣ ከ6 ዓመት በፊት ከተቋቋመው የፈተና አዘጋጅ ድርጅት ጋር በጉዳዩ መከሩ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ የመጀመሪያው ፈተና ተሰጠ። ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ያገኘው በ1976 ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1943፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በሥራ ላይ ላሉ ኃላፊዎች የተዘጋጀ የመጀመሪያውን የቢዝነስ ማስተርስ ትምህርት ከፍቶ ነበር። እየቆየም ብዙ ታዋቂ ትምህርት ቤቶች ከኮሌጅ በቀጥታ ከመጣው ወጣት ይልቅ ጥቂት ዓመት የሠራውን መምረጥ ጀመሩ። ሠራተኛውን የሚያስጨንቀው ቅራኔ የተወለደው ከዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ሥራ ያለውን ሰው ይሻል፤ ፈተናው ደግሞ ሥራ የሚወስደውን ጊዜ ይሻል።

ከቢሮው ጠረጴዛ ወደ ጥናቱ ጠረጴዛ

ቅራኔው ከሰዓት እጥረት ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ሒሳብ በኮምፒውተር ሲያወራርድ የዋለ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ማታ ለሒሳብ ጥያቄዎቹ ሲዘጋጅ መደመሪያ መሣሪያ አይፈቀድለትም። ክፍልፋይንና መቶኛን እንደ ተማሪነቱ ዘመን በእጁ ማስላት እንደገና ይለማመዳል። ከሙያው ባይርቅም ሙያው ካስለመደው መንገድ መራቅ አለበት።

በአንጻሩ የሥራ ልምድ የሚረዳበትም ክፍል አለ። አንዱ የጥያቄ ዓይነት መልሱን ሳይሆን የተሰጠው መረጃ መልስ ለማግኘት መብቃቱን ይጠይቃል። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ከአንድ ኪሎ ቡና ስንት አተረፈ ቢባልና፣ ኪሎውን በ300 ብር መሸጡ፣ በጠቅላላው ደግሞ 6,000 ብር ማትረፉ ቢነገር፣ ሁለቱ ተጣምረውም አይበቁም። ስንት ኪሎ እንደሸጠ ወይም በስንት እንደገዛ መታወቅ አለበት። ወረቀቱ ሳይሟላ ክፍያ የማይፈርም ሠራተኛ ይህን አስተሳሰብ ከወንበሩ ይዞት ይመጣል።

ቋንቋው ሌላ ሸክም ነበር። ለብዙ ዓመታት ከፈተናው አንዱ ክፍል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገርን ስሕተት ማረም ነበር። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማረ የአማርኛ ተናጋሪ ይህ ክፍል ከማመዛዘን ችሎታው ይልቅ የሰዋስው ትውስታውን የሚፈትን ሆኖ ይሰማው ነበር።

የቀን መቁጠሪያውም አይረዳም። የብዙዎቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዙር ማመልከቻ የሚዘጋው በመስከረም ወር አካባቢ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ያበቃል፤ የኬንያም ከእርሱ ቀናት ቀደም ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ ጥናቱ የሚበረታበት ወቅትና የሒሳብ መዝጊያው ውጥረት በአንድ ክረምት ይገናኛሉ።

ፈተናው የተለወጠባቸው ደረጃዎች

ፈተናው በወረቀት በሚሰጥበት ዘመን የሚቀርበው በዓመት በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነበር። በዚያ ቀን ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር የተላከ ሰው ወራት ይጠብቅ ነበር። በ1997 ወደ ኮምፒውተር መሻገሩ ለሠራተኛው ትልቅ ለውጥ አመጣ፤ ቀኑን ተፈታኙ ራሱ መምረጥ ቻለ። ኮምፒውተሩ ግን የራሱን ጥብቅነት ይዞ መጣ፤ ያለፉትን ጥያቄ ተመልሶ ማረም ቀረ።

በ2016 ልምድ ላላቸው ኃላፊዎች የ90 ደቂቃ የተለየ ፈተና ቀረበ። ለረጅም ዝግጅት ጊዜ የሌላቸው ሰዎች መኖራቸው በይፋ የታወቀ ያህል ነበር። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የፈተና ማዕከሎችን ሲያዘጋ በቤት ሆኖ መፈተን ተጀመረ፤ የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት መቆራረጥ ላለበት ከተማ ነዋሪ ግን ይህ ነጻነት የራሱ ሥጋት ነበረው። በኅዳር 2023 የወጣው አዲሱ ቅርጽ ከ3 ሰዓት በላይ ይወስድ የነበረውን ፈተና ወደ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ አሳጠረው። የዓረፍተ ነገር እርማቱ፣ የድርሰት ጽሑፉና ጂኦሜትሪው ቀሩ። በየክፍሉ እስከ ሦስት መልስ ተመልሶ ማረምም ተፈቀደ።

ያልተለወጠው

ፈተናው አጠረ፤ ቀኑ ተመረጠ፤ ሰዋስው ቀረ። የሚያዘጋጀው ምሽት ግን ያው ነው። ከደመወዝ ተቆርጦ በዶላር የሚከፈለው የፈተና ዋጋ አለ። ከልጆች ጋር ሊያልፍ የነበረ እሑድ አለ። እራቱን የሚያቆይ፣ ሬዲዮውን ዝቅ የሚያደርግ፣ ለቅሶና ሠርግ ላይ «ፈተና አለበት» ብሎ ይቅርታ የሚጠይቅ የትዳር ጓደኛ ወይም እናት አለ። በውጤት ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የአንድ ሰው ስም ብቻ ቢሆንም ፈተናውን ያለፈው ቤተሰብ ነው።

ውጤቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ይህ ደንብ ለሠራተኛው ትንሽ እፎይታ ይሰጠዋል፤ የማመልከቻውን ዓመት ሳይጠብቅ፣ የሰኔ ወረቀት ሳይከመርበት፣ ጥር ወይም የካቲት ላይ ተፈትኖ ማስቀመጥ ይችላል። በ1823 የለንደኑ የእጅ ሙያተኛ መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ትምህርት ሲሄድ ያሰላው ስሌት ከዚህ ብዙ አይለይም። እርሱም የቀኑን ሥራ ሳያስተጓጉል ከምሽቱ የሚተርፈውን ሰዓት ይቆጥር ነበር።