ዐውደ ማኅተምና ባለ ጅራቱ ኮከብ

በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ከሰባቱ አዕዋዳት አንዱ ዐውደ ማኅተም ነው። እርሱም የአበቅቴው ዐውድ 19 በአራቱ ወንጌላውያን ተባዝቶ የሚገኝ 76 ዓመት ሲሆን፥ አበቅቴና ወንጌላዊ ይገናኙበታል። እንግሊዛዊው ሊቀ ከዋክብት ኤድመንድ ሃሌይ ስለ ባለ ጅራቱ ኮከብ መርምሮ ያገኘው ቁጥርም ይህንኑ የሚያህል ስለ ሆነ፥ ነገሩ ቁጥር ለተማረ ሰው ሊመረመር የሚገባው ነው።

ሃሌይ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1531፥ በ1607ና በ1682 የታዩትን ኮከቦች መንገድ አስተያይቶ፥ ሦስቱ አንድ ኮከብ ናቸው ብሎ ፈረደ፤ ተመልሶ የሚመጣበትንም ዘመን አስቀድሞ ተናገረ። በ1742 ስለ ሞተ ግን ራሱ አላየውም። በ1758 በአውሮፓውያን የልደት ቀን መጀመሪያ ያየው ፓሊች የሚባል የሣክሶኒ ገበሬ ነበረ።

ከሦስቱ መምጣቶች የኋለኛው ለእኛ ታሪክ ቅርብ ነው። ጻድቁ ዮሐንስ ሐምሌ 15 ቀን 1674 ዓ.ም ዐርፈው ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱ በጐንደር በነገሡ ሁለት ወር ሳይሞላ፥ በመስከረም 1675 ኮከቡ ለፀሐይ ቀረበ። በዚሁ ንጉሥ ዘመን፥ ዘግየት ብሎ፥ ሌላ ታላቅ ባለ ጅራት ኮከብ ከቅዱስ ሚካኤል በዓል ሁለት ቀን ቀድሞ በጐንደር እንደ ታየ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጽፏል፤ ያን ጊዜም ትንቢት ተናጋሪዎች ተነሥተው፥ የዘንድሮው ዘመቻ ከቶ ያልታየ ደም የሚፈስበት ነው እያሉ ሕዝቡን አስጨነቁት ይላል። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 10 ከሰማይ ምልክት እንዳይፈሩ ያስጠነቀቀውን የዘነጉ ይመስላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በ1675 ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ፥ አበቅቴውም 1 ነበረ። ኮከቡ በ1751 ሲመለስም ዘመነ ሉቃስ፥ አበቅቴ 1 ሆነ፤ አንድ ማኅተም ሞልቷልና። በዚህ ብቻ የቆመ ሰው ኮከቡ በባሕረ ሐሳብ ሕግ ይሄዳል ብሎ በደመደመ ነበር። ነገር ግን ቀጥሎ የመጣው በ77ኛው ዓመት በ1828 በዘመነ ዮሐንስ፥ ከዚያም በ74ኛው ዓመት በ1902 በዘመነ ማርቆስ ነው። በ1978 ደግሞ 76 ሞልቶ እንደ ገና በማርቆስ መጣ። ማኅተም አይዛነፍም፤ ኮከቡ ግን ይዛነፋል።

የመዛነፉም ምክንያት ታውቋል። ኮከቡ በረዶና አቧራ ነው፤ መንገዱም እንደ ዕንቍላል የረዘመ ሲሆን፥ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በአጣርድና በዝሁራ መካከል ይገባል፥ ሲርቅ ከኔፕቱን አልፎ 5 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ጕዞ ሙሽተሪና ዙሐል ይስቡታል፤ አንድ ጊዜ ያዘገዩታል፥ አንድ ጊዜ ያፈጥኑታል። በ1751 ለተመለሰበት ጊዜ ፈረንሳዊው ክሌሮ ስበታቸውን አስልቶ 618 ቀን እንደሚዘገይ አስታወቀ፤ የሳተውም በአንድ ወር ያህል ብቻ ነው። በግእዝ ዘነብ የሚባለው ጅራቱም የበረዶው ትነትና አቧራ ነው፤ ዘወትር ከፀሐይ ይሸሻል እንጂ በስተኋላው አይጐተትም።

በ1902 የሆነውን ከኮከቡ ጋራ የሚያያይዝ ሰው ቀኑን ይመልከት። እቴጌ ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ የተገለሉት መጋቢት 12 ቀን ነው፤ ኮከቡ ለፀሐይ የቀረበው ሚያዝያ 12 ቀን ነው። ዐፄ ምኒልክም አስቀድመው ታመው ነበር፤ ያረፉትም ከሦስት ዓመት በላይ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ነው። በዚያው ሚያዝያ 28 ቀን የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ሞቱ፤ እነርሱም ምልክቱ የእኛ ነው ቢሉ ማን ይዳኛቸዋል?

ኮከቡ በኅዳር 2016 ከሩቁ ዳርቻ ደርሶ መመለስ ጀምሯል። ለፀሐይ የሚቀርበው ሐምሌ 21 ቀን 2053 በዘመነ ማቴዎስ፥ በ75ኛው ዓመት ነው። በዚያ ወር ደጋው በክረምት ደመና ይሸፈናል፤ ከባሕር ማዶ በሙስካት ዝናብ በሌለበት ሰማይ ሥር የሚኖር ስደተኛ ሳይሻል አይቀርም።