የወለጋ ሰሊጥና የሩቅ ምሥራቅ ማጥቀሻ

ሰሊጥ በጥንታዊነታቸው ከታወቁት የቅባት እህሎች አንዱ ነው። በኢንዱስ ሸለቆ፣ በሐራፓ በተደረገው ቁፋሮ ከ4,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የከሰለ ሰሊጥ ተገኝቷል። ወደ ቻይና የገባውም ከውጭ ሲሆን፣ «ሁ ማ» የተባለው የጥንት ስሙ ከባዕዳን አገር መምጣቱን ያመለክታል።

ነቀምቴ በወይና ደጋ የተቆረቆረች በመሆኗ ሰሊጥ የምትገዛ እንጂ የምታበቅል ከተማ አይደለችም። ሰሊጡ የሚዘራው በአንገርና በደዴሳ ሸለቆዎች፣ እንዲሁም በጊዳ አያና ቆላማ ቀበሌዎች ነው። ገበሬው ፍሬው ሳይረግፍ ያጭደዋል፤ ነዶውን አቁሞ ያደርቅና ዘቅዝቆ ያራግፈዋል። ጥቂት ቀን መዘግየት የዓመቱን ድካም መሬት ላይ ያስቀራል።

በውጭ ንግድ ዘንድ የሁመራ ሰሊጥ በንጣቱና በጣዕሙ ለዳቦና ለጣፋጭ ሲመረጥ፣ የወለጋው የሚታወቀው በዘይት ይዘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የወለጋን ሰሊጥ በራሱ ምድብ አገበያይቷል። ይሁን እንጂ «የዘይት ሰሊጥ» የሚለው ስያሜ የእህሉን ጥቅም አሟልቶ አይገልጽም።

ይህም በሩቅ ምሥራቅ ማዕድ ላይ ይታያል። በቤጂንግ በስሱ የተቆረጠ የበግ ሥጋ በፈላ ውሃ ነከር ተደርጎ በሰሊጥ ልቁጥ ይጠቀሳል። በጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1952 በኦሳካ አንድ ምግብ ቤት «ሻቡ ሻቡ» ብሎ ለሰየመው ምግብ ከሰሊጥ፣ ከአኩሪ አተር መረቅና ከኮምጣጤ የተዘጋጀ ማጥቀሻ ይቀርባል። ጃፓን የምትፈልገውን ሰሊጥ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከውጭ ስትገዛ፣ ቻይናም በ21ኛው ምዕተ ዓመት ከኢትዮጵያ ሰሊጥ ዋነኛ ገዢዎች አንዷ ሆናለች።

የማጥቀሻው ምሥጢር ዘይቱ ነው። ሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ ተቆልቶ ሲፈጭ ዱቄት ሳይሆን ልቁጥ ይሆናል። ውሃ ጠብ ሲደረግበት በመጀመሪያ ይጠጥራል፤ ሲጨመርለት ግን ነጣ ብሎ ይለሰልሳል።

ይህን የኢትዮጵያ እናቶች አሳምረው ያውቁታል። በጾም ወራት ሰሊጡን ቆልተው፣ ወቅጠውና በውሃ በጥብጠው እንጀራ ይፈተፍቱበታል። እንግዲህ የጎደለው ጥበብ አይደለም፤ ልጣጩን የሚገፍ፣ እኩል የሚቆላና አልሞ የሚፈጭ ፋብሪካ በምርቱ አካባቢ አለመስፋፋቱ ነው። ሰሊጡ በጥሬው እስከተጫነ ድረስ የወለጋ ስም ከጆንያው አልፎ ከማዕዱ አይደርስም፤ የመቁላቱና የመፍጨቱ ዋጋም ለሌላ ይቀራል።