የእንግሊዝና ዌልስ የሕግ ማኅበርና የአባላቱ ቅሬታ

እ.ኤ.አ. በ1825 በለንደን የተመሠረተው የሕግ ማኅበር የሶሊሲተሮች፣ ማለትም ለደንበኞች ምክር የሚሰጡና ሰነድ የሚያዘጋጁ የሕግ ባለሙያዎች፣ የሙያ ማኅበር ሲሆን፣ በ1831 በንጉሣዊ ቻርተር ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ማኅበሩ አባላቱን የመወከልና ሥነ ምግባራቸውን የመቆጣጠር ሥልጣንን ለረጅም ዘመን አጣምሮ መያዙ ስላስተቸው፣ የቁጥጥሩ ሥራ በ2007 ራሱን ለቻለ አካል ተሰጠ። የአባላቱ ቅሬታ ግን በዚህ አልተቋጨም፤ መንግሥት አቅም ለሌላቸው የወንጀል ተከሳሾች የሚከፍለውን የጥብቅና ወጪ ለመቀነስ ባቀደ ጊዜ፣ አመራሩ በድርድሩ ለዘብተኛ ሆኗል ያሉ አባላት በዲሴምበር 2013 ልዩ ጠቅላላ ጉባኤ አስጠርተው፣ በ228 ድምፅ ለ213 በአመራሩ ላይ እምነት እንደሌላቸው ገለጹ። አመራሩ በሥልጣኑ ቢቀጥልም፣ የድምፁ መቀራረብ ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር መደራደር ወይስ መሟገት ይገባዋል በሚለው ጥያቄ አባላቱ ምን ያህል እንደተከፋፈሉ አሳይቷል።