ከቡና ቤት እስከ ነቀምቴ፦ የኢንሹራንስ ነገር

ዛሬ ትንሽ ታሪክ አለኝ፤ ረዘም ቢልም ታገሱኝ።

ባለፈው አንድ የድሮ ተማሪዬ የኢንሹራንስ ውሉን ይዞ ቤቴ መጣ። አይሱዙው ቡና እንደጫነ በሁከት ጊዜ መንገድ ላይ ተቃጥሎበታል። «ቲቸር፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረኝ እኮ! አይመለከተንም አሉኝ» አለኝ። አብረን አነበብነው። በሁከትና በአመጽ የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም ይላል። ሁለታችንም ዝም አልን። ይህን አደጋ ለብቻው የሚሸፍን ውል አገራችን ውስጥ ይሸጣል፤ እሱ ግን አልጠየቀም፣ የነገረውም የለም።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1680ዎቹ ለንደን ውስጥ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ቡና ቤት ነበረው። ነጋዴው ቡናውን እየጠጣ ስለ መርከቡ ያወራል፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ «ቢሰጥም ይህን ያህሉ በእኔ ይሁን» ብሎ ከውሉ ሥር ይፈርማል። ፊት ለፊት ተያይተው፣ ተጠያይቀው ማለት ነው። ዛሬ ልዩ ልዩ ከባድ አደጋዎችን በመሸፈን የታወቀው የሎይድስ ገበያ የተወለደው እዚያ ነው። የእኛ የወለጋ ቡና በከተማችን የድሮ ስም «ለቀምት» ተብሎ ዓለምን ይዞራል፤ ኢንሹራንስም የቡና ቤት ልጅ መሆኑ ይገርማል!

ሎይድስ ሁልጊዜ አያተርፍም። በ2017 አሜሪካንና ካሪቢያንን በመቱት አውሎ ነፋሶች የተነሳ 2 ቢሊዮን ፓውንድ ከሰረ። በ2024 ደግሞ 9.6 ቢሊዮን አተረፈ። በዚያ ዓመት ከ100 ፓውንድ አረቦን 87 ያህሉ ለካሳና ለወጪ ዋለ። ትርፍ ሲበዛ ተፎካካሪ ይበዛል፣ ዋጋ ይወርዳል፤ አሁን የሚታየውም ይሄው ነው።

ገበያውን ያቆመው ግን እምነት ነው። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ስትወድም፣ ከሎይድስ ሰዎች አንዱ ከትበርት ሂዝ ውሉ ምንም ይበል ለደንበኞቹ ሁሉ ሙሉ ካሳ እንዲከፈል አዘዘ። አሜሪካ እስከ ዛሬ የሎይድስ ትልቁ ገበያ ናት።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ደርግ በ1967 ዓ.ም. የግል ኢንሹራንሶችን ወረሰ፤ 13ቱ ተጠቃለው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሆኑ። በሩ ለግል እንደገና የተከፈተው በ1986 ዓ.ም. ነው። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የሶስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ሆነ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ኢንሹራንስን የምናውቀው ትራፊክ ሲያስቆመን የምናሳየው ወረቀት አድርገን ነው። ለትራፊክ የተገዛ ወረቀት ደግሞ ማን ያነበዋል?

እድራችንን ግን እናውቀዋለን። ለምን እንደሚከፍል፣ ለምን እንደማይከፍል ጠይቀን ነው የገባነው። መኪና ያላችሁ፣ ቡና የምትጭኑ ተማሪዎቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «የማትከፍሉኝ መቼ መቼ ነው?» መልሱን በጽሑፍ አሳዩኝ በሉ።

ያ ልጅ ዕዳው አሁንም አላለቀም። እናንተ ቅደሙ።