ላባ መንጨት በጓሮ ዶሮዎች

ላባ መንጨት አንዲት ዶሮ የሌላዋን ላባ በምንቃሯ ቆንጥራ የምትጎትትበት፣ የምትሰብርበት ወይም ነቅላ የምትውጥበት የተዛባ ጠባይ ነው። አርቢዎች «ዶሮዎቼ ይነካከሳሉ» ይላሉ፤ ነገሩ ከላባ አልፎ ሥጋ ላይ ሲደርስ ደግሞ «ይበላላሉ» ይሉታል። አምስት ስድስት ዶሮ ባለበት ግቢም ሆነ በሺህ የሚቆጠር ዶሮ በያዘ እርባታ ይከሰታል። በብዛት የሚታየው እንቁላል ለመጣል በተመረጡ ዝርያዎች ላይ ሲሆን፣ ቄቦቹ መጣል የሚጀምሩበት ሰሞን ክፉኛ ይብሳል።

«መነካከስ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ያደባልቃል። አንዱ የማዕረግ ጠብ ነው። ኖርዌያዊው ቶርላይፍ ሼልደሩፕ ኤበ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ እንደጻፈው፣ በዶሮዎች መካከል ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ ተራ አለ። የበላይዋ የበታቿን ራሷንና አንገቷን ትነቁራለች፤ ተነቋሪዋ ዞር ትላለች፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። አዲስ ዶሮ ሲቀላቀል ለጥቂት ቀናት ግቢው ይታመሳል፣ ከዚያ ተራው ይለይና ሰላም ይወርዳል። ላባ መንጨት ግን ቁጣ የለበትም። ነጪዋ ከኋላ ቀስ ብላ ትጠጋለች፣ የጓደኛዋን ጀርባ ወይም የጅራቷን ሥር አተኩራ ታያለች፣ ከዚያ ቆንጥራ ትስባለች። ተነጪዋም አንዳንዴ ሳትሸሽ ቆማ ታስነጫለች። ስለዚህ «ይለምዳሉ፣ ተዋቸው» የሚለው የጎረቤት ምክር ለመጀመሪያው ይሠራል እንጂ ለሁለተኛው አይሠራም፤ እንዲያውም የሚለምዱት መንጨቱን ነው፤ አንዷ ከሌላዋ አይታ ትቀጥላለች።

ተመራማሪዎች በብዛት የሚስማሙበት ማብራሪያ ምንቃሯ ሥራ ስለፈታ ዶሮ ይናገራል። የዶሮ ቅድመ አያት የሆነችው የእስያ ቀይ የጫካ ዶሮ ነቅታ ከምትውልበት ጊዜ ከግማሽ በላዩን መሬት እየለቀመች ታሳልፈዋለች። የሐበሻ ዶሮም በገጠር ግቢ ውሎዋ ይኸው ነው፤ ከአውድማ ወደ እበት ክምር፣ ከእበት ክምር ወደ አጥር ሥር። በአዲስ አበባ ጠባብ ግቢ በቆርቆሮና በሽቦ የታጠረችው ቦቫንስ ብራውን ወይም ሳሶ የተባለች ዝርያ ዶሮ ግን መኖዋ በገንዳ ተሞልቶ ይቀርብላታል። ወለሉ ሲሚንቶ ወይም በኩስ የጠጠረ አፈር ነው፤ ቢጭሩት ምንም አይወጣውም። ሆዷ ይሞላል፣ የመልቀም ፍላጎቷ ግን አይጠግብም። ከፊቷ ያለው የሚቆነጠር ነገር ደግሞ የጓደኛዋ ላባ ብቻ ነው። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚለው ተረት መጫርን ይወቅሳል፤ እዚህ ግን ካራውን የሚያስመዝዘው መጫር መከልከሏ ነው።

ዘርም ድርሻ አለው። በዴንማርክ በተካሄደ የማራባት ሙከራ ብዙ የሚነጩትንና ጥቂት የሚነጩትን ለየብቻ እያራቡ፣ ልዩነቱ ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር ሲሰፋ ታይቷል። የጓሮ አርቢ የገዛውን ዝርያ መቀየር ባይችልም መሬቱን መቀየር ይችላል።

መፍትሔ ከመፈለግ በፊት ላባው ለምን እንደጎደለ መለየት ይገባል። ዶሮዋን በብብት ሸጉጦ፣ የጀርባዋን ላባ በአውራ ጣት ወደ ኋላ እየገለጡ ማየት ነው። ዘንጉ ተሰብሮ ጉቶው ከቀረ፣ በጅራቱ ሥር ባለው የዘይት እጢ ዙሪያ ቆዳው ከተራቆተ ወይም የደም ነጥብ ካለ መነጨት ነው። ራቁቱ በጀርባዋና በክንፏ ትከሻ ላይ ብቻ ከሆነና ግቢው ውስጥ አውራ ዶሮ ካለ፣ የእሱ ጥፍር ሊሆን ይችላል፤ ሲሰርር የሚቆምበት ቦታ ነውና። ከራስና ከአንገት ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ፣ ሥሩ ደም የሌለው መርገፍ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ የሚመጣ ላባ መቀየር ነው፤ ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል፣ እንቁላልም ይቀንሳል ወይም ይቆማል። ይህ ራሱ በሽታ ባይሆንም ለመንጨት በር ከፋች ነው፤ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ላባ በውስጡ ደም ስላለው ከተቆነጠረ ይደማል።

ቅማልና ቅንቅንም አይረሳ። የሚያሳክካት ዶሮ የገዛ ላባዋን ታበላሻለች፣ የተራቆተው ቆዳም የሌሎቹን ዓይን ይስባል። ቀን ፍለጋው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ደም መጣጩ ቀይ የዶሮ ቅንቅን ቀን በቆጡ ስንጥቅ ተሸሽጎ ሌሊት ነው የሚወጣው። ከመሸ በኋላ ነጭ ሶፍት በቆጡ ታችኛ ጎን ላይ ሲያሻሹት ቀይ ጭረት ከያዘ እንግዳው ታወቀ።

ነጪዋን ለማግኘት አጭር መንገድ አለ። ከሁሉም ላባዋ ሙሉና ያማረውን መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ እሷ ናት፤ ባለቤቱ ግን ስላማረችው መጨረሻ የሚጠረጥራት እሷን ነው።

የመኖው ጉዳይ ከሥራ ፈትነቱ ቀጥሎ ይመጣል። ላባ በአመዛኙ ፕሮቲን ነው፤ ሜቲዮኒን የተባለው ንጥረ ነገር ሲያንሳት ዶሮ ላባ መዋጥ ትጀምራለች። እንቁላል ጣይ ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ትፈልጋለች። መኖ ሲወደድ ብዙዎች በቆሎና ፉሩሽካ ብቻ ይቀላቅላሉ። በቆሎ 9 በመቶ፣ ፉሩሽካ ደግሞ 15 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ስላላቸው፣ እኩል ቢቀላቀሉ ከ12 በመቶ አያልፍም። ፆም ሲገባና እንቁላል ሲረክስ ከመኖው መቆንጠር ያጓጓል፤ ቁጠባው ግን ከላባ ላይ ይወጣል። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑን ከፍ ያደርገዋል፣ ሜቲዮኒንም አለው፤ ላይሲን የተባለው ሌላ ንጥረ ነገር ስለሚያንሰው ግን ከአኩሪ አተር ጋር ቢሆን ይሻላል። ጨው መጉደሉም ያነካክሳል፤ ልኩ በ100 ኪሎ መኖ ከ300 እስከ 500 ግራም ነው፤ በእፍኝ ገምቶ መጨመር ግን ይመርዛል። የተፈጨ መኖ እንክብል ሆኖ ከተሠራው ይመረጣል፤ ለመብላት ረጅም ጊዜ ይወስዳልና።

ምንቃሩን ሥራ ለማስያዝ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የቤቱን ወለል በጭድ ወይም በሰጋቱራ አልብሶ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እፍኝ ስንዴ መበተን። አንድ እስር ጎመን በገመድ አስሮ ዶሮዋ አንገቷን ቀና አድርጋ በምትደርስበት ከፍታ ማንጠልጠል፤ መሬት ላይ የተጣለ ጎመን በደቂቃዎች ተረግጦ ይበላሻል፣ የተንጠለጠለው ግን እየተወዛወዘ ያውላቸዋል። አመድና ደረቅ አፈር የተሞላ ሰፊ ሳህን መታጠቢያም ነው፣ ቅንቅንም ይቀንሳል። ቃጫ ያለው ምግብ፣ ገለባም ቢሆን፣ ሆድን ስለሚሞላ መንጨትን ያበርዳል።

ቦታን በተመለከተ ለአንድ ዶሮ በቤት ውስጥ ከሩብ እስከ ግማሽ ካሬ ሜትር፣ በውጭ አንድ ካሬ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። በቆጥ ላይ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲሜትር፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ መጣያ ሣጥን ይበቃል። ሣጥኑ ጨለም ያለ ይሁን፤ እንቁላል ስትጥል ወደ ውጭ ብቅ የሚለው ቀይ ሥጋ በብርሃን ከታየ መጀመሪያ የሚነከሰው እሱ ነው፤ ከዚህ የሚነሳ መበላላት በአንድ ቀን ሊገድል ይችላል። ደማቅ አምፖልም ያባብሳል።

የደማች ዶሮ ሳይውል ሳያድር ትለይ። ቁስሉ በጨው ውኃ ይታጠባል፣ በእንስሳት ሐኪም በታዘዘ መድኃኒት ይያዛል። ደም ቀይ ሆኖ እስከታየ ድረስ ግን ወደ ጓደኞቿ አትመለስም። የተለየችው በሽቦ ማዶ ሆና ከጓደኞቿ ጋር ብትተያይ ይመረጣል፤ ሳምንት ተሰውራ የተመለሰች ዶሮ እንደ ባዕድ ትቆጠራለችና። ስትመለስ ከመሸ በኋላ ቆጡ ላይ ማስቀመጥ ነው። ነጪዋ አንድ ብቻ ከሆነች እሷን ለጥቂት ቀናት ማግለል ይሻላል፤ የትንሽ ግቢ ጥቅሙ እያንዳንዷን መለየት መቻሉ ነው። ካልታረመች ለበዓል ማዋል ጭካኔ አይደለም።

ምንቃር መቁረጥ በትልልቅ እርባታዎች የተለመደ ነው። የምንቃሩ ጫፍ ነርቭ የሞላበት በመሆኑ ያማል፤ ኖርዌይ፣ ፊንላንድና ስዊድን በሕግ ከልክለውታል፣ ኔዘርላንድስም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ አቁማዋለች። በግቢ ውስጥ በጋለ ቢላዋ የሚደረገው ከሁሉም የከፋው ነው፤ ዶሮዋ መልቀም ያቅታትና ትከሳለች። ምንቃር መቁረጥ የመንጨትን ጉዳት ይቀንሳል እንጂ ፍላጎቱን አያጠፋውም።

የተራቆተች ዶሮ ሙቀቷን ስለምታጣ፣ በተለይ በደጋው ሌሊት፣ ብዙ ትበላለች። ከነሥሩ የተነቀለ ላባ በሳምንታት ውስጥ ይበቅላል። ዘንጉ ተሰብሮ ጉቶው የቀረው ግን እስከሚቀጥለው የላባ መቀየሪያ ወቅት ድረስ አይተካም። ስለዚህ መንጨቱ ከቆመ ከወራት በኋላም ዶሮዋ ጀርባዋ እንደተላጠ ሊቆይ ይችላል። መቆሙ የሚታወቀው ከቆዳው ብቅ ያሉት ሰማያዊ የላባ እሾሆች ሳይቀነጠሱ ሲረዝሙ ነው።